ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል፤ የትኛውን እምቢ ልበል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ሌላ ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ወራት ተቆጥረዋል። ዝም ዝም ሲል ከርሞ ባለፈው ሳምንት ሁለት በአንዴ መጣ።

የመጀመሪያው ትልቅ ድርጅት ነው። ደሞዙ አሁን ከማገኘው በ40 በመቶ ይበልጣል። የቅጥር ደብዳቤው እጄ ገብቷል። እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ ለተጠባባቂው እንደሚሰጡት ነግረውኛል። ሁለተኛው አነስ ያለ ነው። ጭማሪው 15 በመቶ ብቻ ሲሆን ደብዳቤውም ገና አልደረሰኝም።

ታዲያ ምን አስጨነቀሽ ትሉኝ ይሆናል። ትልቁ ጋ ለኢንተርቪው ስሄድ ኮሪደር ላይ 40 ደቂቃ አስቀመጡኝ። የሚወጣ የሚገባውን ሰው ሳይ ቆየሁ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሰላም አይባባልም። ጠያቂዬ ስልኩን እየነካካ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ጠየቀኝ። ትንሹ ጋ ደግሞ አለቃዬ የምትሆነው ሴትዮ ወረቀት ሳብ አድርጋ የወር መጨረሻ ሒሳባቸው እንዴት እንደሚዘጋ በእርሳስ ሣለችልኝ። አንዷን ቦታ ደጋግማ ከበበቻት። እዚያ ጋ ሲደርስ ሥራው ሁሉ አንድ ሰው ላይ እንደሚንጠለጠል፣ ያ ሰውም በየወሩ እንደሚያመሽ፣ እኔን የፈለጉኝም ይህን እንዳስተካክል መሆኑን ነገረችኝ። ወረቀቱን ይዤው መጣሁ።

ልቤ ወደ ትንሹ፣ ሒሳቤ ወደ ትልቁ ነው። ዓርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የትኛውን ልያዝ? የማልይዘውንስ እንዴት ብዬ ልመልሰው?

የመጡልኝን መልሶች ከዚህ በታች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። በዚሁ ጥያቄ የሚጨነቅ ሰው ብዙ መሆኑን ስላየሁ ነው።

መልስ 1

እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጀመረና ጥያቄዎች አስከተለ። 40 በመቶው ያልተጣራው ደሞዝ ላይ ነው ወይስ እጅ የሚገባው ላይ? ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ የጡረታ መዋጮ ተደምሯል ወይ? የዓመት ፈቃዱስ ስንት ቀን ነው? ሁለት ደሞዝ በአንድ ሚዛን ካልተቀመጠ ማወዳደር አይቻልም ባይ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ግብሩ ሲቀነስና የትንሹ የቤተሰብ ሕክምና ሲደመር ልዩነቱ በደንብ ጠበበ። ግን አልጠፋም።

መልስ 2

ገንዘቡን ያዢ የሚል ነው። ምክንያቱ ግን የሚናቅ አይደለም። ጭማሪ የሚሰላው በመነሻ ደሞዝ ላይ ነው። የአሁኑ ደሞዜ 100 ነው ብንል አንዱ 140፣ ሌላው 115 ይሆናል። ሁለቱም በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምሩ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ 179፣ ሌላው 147 ገደማ ይደርሳል። 25 የነበረው ልዩነት 32 ሆነ ማለት ነው። የሚቀጥለው ቀጣሪም ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ደሞዝ አይቶ እንደሚያቀርብ ጨምሯል።

መልስ 3

ለቁጥር 2 በራሱ ቁጥር መለሰችለት። 140ው በሳምንት 60 ሰዓት ተሠርቶበት ከሆነ ለሰዓት ሲካፈል 2.3 ነው። 115ቱ በ40 ሰዓት ከሆነ 2.9 ገደማ ይወጣል። ሰው የሚሸጠው ሰዓቱን እስከሆነ ድረስ ትንሹ ነው የሚበልጠው ማለት ነው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ትልቁ ጋ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመሽ ጠይቄ እንደሆነ አፋጠጠችኝ። አልጠየቅኩም ነበር።

መልስ 4

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሰውዬው ሥራው የሱ መሆኑ በስልክ ተነገረው። በዚያው ሳምንት መልቀቂያውን አስገባ፣ ባልደረቦቹም ሸኙት። ከዚያ ደብዳቤው ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ። በመጨረሻ በጀት ስለታገደ ቅጥሩ መቅረቱን በሁለት መስመር ኢሜይል አሳወቁት። ወደ ድሮው ቦታ ልመለስ ሲል ሰው ገብቶበታል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ስድስት ወር ቤት ተቀመጠ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ለዚህ ነው። ደሞዙ፣ የሥራ መደቡና የመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ፊርማ እስካላረፈበት ድረስ የኔ ሁለተኛ ሥራ ገና ሥራ አይደለም፤ ወሬ ነው።

መልስ 5

ቁጥር 4ን ደግፎ አንድ ነገር አረመው። ፊርማም ቢሆን ሁልጊዜ አይበቃም። ብዙ የቅጥር ደብዳቤ ቅድመ ሁኔታ አለበት። የቀድሞ ቀጣሪ ማጣቀሻ፣ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ የጤና ምርመራ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ማለቃቸው በጽሑፍ ሳይረጋገጥ መልቀቂያ ማስገባት ያው አደጋ ነው።

መልስ 6

እኚህ በዕድሜ የገፉ ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ነው። ጥያቄዬ ከ250 ዓመት በፊትም መጠየቁን ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1772 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሰባኪ ነበር። ሎርድ ሼልበርን ቤተ መጻሕፍቱን እንዲይዝለትና የልጆቹን ትምህርት እንዲከታተልለት ጠየቀው። ሊድስ በዓመት 100 ጊኒ (ከፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ የያኔ የእንግሊዝ ገንዘብ) እና ቤት ነበር የሚያገኘው። አዲሱ ሥራ 250 ፓውንድና ቤት ነው። ግራ ሲገባው ለወዳጁ ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ጻፈለት።

ፍራንክሊን የቱን መምረጥ እንዳለበት አልነገረውም፤ ዝርዝሩን ስለማያውቅ። እንዴት እንደሚመርጥ ግን ነገረው። አንድ ወረቀት መሀሉን በመስመር ከፍሎ በአንድ ወገን የሚደግፉትን፣ በሌላው የሚቃወሙትን ምክንያቶች መጻፍ። በአንድ ቁጭታ ሳይሆን በሦስት በአራት ቀን ውስጥ፣ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር። ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ። አንዱ ምክንያት ከወዲያኛው ሁለቱን የሚመዝን ከሆነ ሦስቱንም መሰረዝ። የተረፈው የት እንዳለ ማየት። አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ አስቦ አዲስ ነገር ካልመጣ መወሰን።

እኚህ ሰው ራሳቸው ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ወስነዋል። ያስተዋሉት ነገር ደስ አለኝ፤ ክብደት መስጠቱ ላይ እጃቸው ያመነታበት ምክንያት ሁልጊዜ ዋናው ምክንያት ሆኖ ያገኙታል።

መልስ 7

የቁጥር 6ን ታሪክ ቀጠለው። ፕሪስትሊ ብዙ አመንትቶ በ1773 ሥራውን ተቀበለ። በዓመቱ፣ በ1774፣ ዛሬ ኦክስጅን የምንለውን ጋዝ ለይቶ ያወጣው እዚያው ሼልበርን ቤት ነው። በ1780 ግን ተለያዩ። የሚገርመው፣ ፕሪስትሊ ባዶ እጁን አልወጣም። ብንለያይ ምን አገኛለሁ የሚለው ገና ሲገባ ተነጋግረውበት ስለነበር በዓመት 150 ፓውንድ እየተከፈለው ቀጠለ። መውጫውን በመግቢያው ቀን መጨረስ ይሉታል ይሄ ነው። ይህ መልስ በኋላ በጣም ጠቅሞኛል።

መልስ 8

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የከረረው። ሰውየው ተቆጣ። እኛ የቤት ኪራይ አስጨንቆን እናንተ የጥንት እንግሊዝ ታሪክ ታወራላችሁ ዓይነት ነገር ጻፈ። ሁለት ሥራ ቀርቦላት የምትጨነቅ ሰው መምከር ለጠገበ እንደማጉረስ ነው የሚታየው። አንድም ያልቀረበለት ስንት ሰው ይህን እንደሚያነብም አስታወሰን።

መልስ 9

ቁጥር 8 በጨዋ ደንብ እንዲነጋገር ጠየቀችው። ሌላ የላትም።

መልስ 10 እና 11

ወደ ዓርቡ ቀጠሮ ተመለሱ። 10 የሚመክረው ቀኑን እንዲያራዝሙልኝ እንድጠይቅ ነው። ግን ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ማለት አይበቃም። ቁርጥ ያለ ቀን መጥራት፣ ለምሳሌ ሰኞ ረፋድ፣ ከዚያ ያንን ቀን ማክበር። 11 እንዲሁ አድርጋ በማግስቱ ቅጥሩን ሰርዘውባታል። የሦስት ቀን ትዕግሥት ያጣ ቀጣሪ ኋላ ልጄ ታመመ ሲባል ምን ሊል ነው ብላ ትጽናናለች። እኔ ግን የመጽናናቱን ያህል ቀላል አይመስለኝም። ያን ቀን እንዳለቀሰች ራሷ ጽፋዋለች።

መልስ 12

አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ኃይል ክፍል የሠራች ናት፤ ከሁሉም በላይ ዓይኔን የከፈተችው እሷ ናት። ቀነ ገደብ ሁሉ ማስፈራሪያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከጀርባ ሁለተኛ የወጣ ተወዳዳሪ አለ፤ ያ ሰው ሌላ ቦታ ሳይቀጠር ሊደውሉለት ስለሚፈልጉ ነው የሚቸኩሉት። አንዳንዴ ግን ቀኑ የሚያጥረው ሆን ተብሎ፣ ሰው እንዳያወዳድር ነው። መለያው ቀላል ነው። ምክንያቱን ስትጠይቂ የሚነግርሽ የመጀመሪያው ነው፤ የሚቆጣው ሁለተኛው። ለትንሹም ዛሬውኑ ደውዬ ዓርብ የሚያልቅ ሌላ ቅጥር እንዳለኝ በግልጽ እንድነግራቸው መከረችኝ። በእውነት የፈለጉኝ ከሆነ ይፈጥናሉ። የሌለ ቅጥር አለኝ ብሎ መዋሸትን ግን አጥብቃ ከለከለች።

መልስ 13

ሲቪ ላይ ፎቶ ይለጠፍ አይለጠፍ ብሎ ጠየቀ። ለምን እዚህ እንደጠየቀ አላወቅኩም።

መልስ 14፣ 15 እና 16

ሦስቱም ስለ ፎቶው ናቸው። 16 መጨረሻ ላይ ቆጣ ብላ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቀች። ከዚያ እኔን የትልቁን ድርጅት ውል እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቤው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

መልስ 17

ይሄ የኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ያነበብኩት ደሞዙ ያለበትን ገጽ ነበር። 16 ከጠየቀችኝ በኋላ አወጣሁትና አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ከለቀቅኩ ድርጅቱ ለሥልጠና ያወጣውን ወጪ በሙሉ እመልሳለሁ ይላል። ወጪው ስንት እንደሆነ አይልም። ምን ምን ሥልጠና ተብሎ እንደሚቆጠር አይልም። ሦስቴ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት የሥራ ማለማመድ ሥልጠና ነው ቢሉኝ የምከራከርበት ቃል የለም።

መልስ 18

ሕግ የሚያውቅ ይመስላል። እንዲህ ያለው አንቀጽ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ እስከምን ድረስ እንደሚጸና ግን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ ሳልፈርም የአገሬን ሕግ የሚያውቅ ሰው እንዳማክር ነገረኝ። ድርጅቱንም ሁለት ነገር መጠየቅ አለብኝ። ከፍተኛው መጠን በቁጥር ይጻፍ፤ በሠራሁት ወር ልክም እየቀነሰ ይሂድ። በ23ኛው ወር የለቀቀና በሁለተኛው ወር የለቀቀ እኩል መክፈል የለባቸውም። የፊርማ ጉርሻ የሚሰጡም ተመሳሳይ አንቀጽ ስለሚያስገቡ ጉርሻውን እስከሚጸና ድረስ እንደ ብድር መቁጠር ይሻላል ባይ ነው።

መልስ 19

ቁጥር 6 ተመልሰው መጡ። ቁጥር 8ን ይቅርታ ጠይቀው አንድ ታሪክ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1673 ፈላስፋው ስፒኖዛ ጀርመን ውስጥ ባለው ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት እንዲቀጠር ተጠየቀ። የማሰብና የመናገር ነፃነቱ እንደሚጠበቅለት ቃል ተገባለት፤ የአገሩን ሃይማኖት ለማወክ እንዳይጠቀምበት ብቻ ታምነው። እሱ ግን አመስግኖ መለሰው። አንዱ ምክንያቱ ማስተማሩ የራሱን ምርምር ጊዜ እንዳይሻማው ነው። ሌላው የዚያ ነፃነት ወሰን የት ጋ እንደሆነ አለማወቁ ነው። እኔም የአራተኛው ገጽ ወሰን የት እንደሆነ ሳላውቅ እንዳልፈርም መከሩኝ።

መልስ 20

ቁጥር 8 መለሰ። ይቅርታውን ተቀበለና ለምን እንደተቆጣ ነገረን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሥራ ቀርቦለት ነበር። ደሞዙ ዝቅ ያለ ስለመሰለው፣ የተሻለ ይመጣል ብሎ እምቢ አለ። የተሻለው አልመጣም። ሰባት ወር ሥራ ፈታ፤ ያጠራቀመውን በላ፤ ከእህቱ ተበደረ። ላም አለኝ በሰማይ ነበር የኔ ነገር ይላል። ስለዚህ ሥራ የሌለውና ሥራ ያለው ሰው አንድ ምክር ሊመከሩ አይገባም። ኪራይ የደረሰበት ሰው የቀረበለትን ይያዝ፣ እየሠራ ይፈልግ። እምቢ ማለት ጀርባው ላይ ግድግዳ ላለው ሰው ነው።

ይህን ሁለቴ አነበብኩት። ልክ ነው። እኔ ዛሬም ነገም ደሞዝ የሚከፍለኝ ቦታ አለኝ፤ ስለ ኮሪደርና ስለ ሰላምታ ማሰብ የቻልኩት ለዚህ ነው። ከላይ የጻፍኩትን የሚያነብ ሥራ የሌለው ሰው ካለ በቅድሚያ መልስ 20ን ያንብብ።

መልስ 21 እና 22

አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ልለቅ መሆኔን ሲሰማ ደሞዝ ጨምሮ ሊያስቀረኝ ቢሞክርስ ብለው ተከራከሩ። 21 ተቀብሎ ቀርቷል፤ ደህና ነው፣ አልተጸጸተም። 22 ደግሞ ተቀብላ ከቀረች በኋላ አለቃዋ እንደ ከዳተኛ ያያት ጀመር። ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ። ልትለቂ የፈለግሽው በገንዘብ ብቻ ከሆነ ጭማሪው ይፈታዋል፤ በሌላ ነገር ከሆነ ያ ነገር ጠዋት ስትገቢ እዚያው ይጠብቅሻል።

መልስ 23

ትልቁ ጋ የሚሠራ ወይም የለቀቀ ሰው ፈልጌ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድጠይቅ ነገረኝ። ከኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ? አድጎ ከሆነ ጥሩ። በዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ተቀያይሮበት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መልስ 24

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙትን ጥናት አነሳች። ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው እንደሚከብደው ያሳዩበት ነው። የትልቁ ደብዳቤ እጄ ስለገባ እንደራሴ ንብረት እየቆጠርኩት ነው፤ እምቢ ማለት የተቀማሁ ያህል የሚያመኝም ለዚህ ነው። መፍትሔዋ ገልብጦ ማየት ነው። ትንሹ ጋ እየሠራሁ ነው እንበል፤ ሥራውን አውቀዋለሁ፣ አለቃዬን እወዳታለሁ። ያንን ለቅቄ ለ25 ነጥብ ልዩነት ወደዚያ ኮሪደር እሄዳለሁ? ጥያቄው ሲገለበጥ መልሱ ወዲያው መጣልኝ፤ አልሄድም።

መልስ 25

ሳንቲም ወርውሪና አየር ላይ እያለ ልብሽ የተመኘውን ያዢ ይላል። ቁጥር 3 የሰው ኑሮ በሳንቲም አይወሰንም ብላ ቆጣችው፤ እሱም ሳንቲሙ እንደማይወስን፣ የሚያሳብቅ ብቻ መሆኑን አስረዳት።

መልስ 26

ሁለቱንም ፈርሜ በኋላ አንዱን ልተው የሚል ሐሳብ አመጣ። ይህ ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ወቀሳ ወረደበት፤ አንዳንዱ ስድብ የቀረው ነበር። እኔም አልወደድኩትም፤ ግን ሐሳቡ ከፍርሃት የመጣ ይመስለኛል፤ አንድም እንዳይቀርበት ከመፍራት። ቁጥር 12 በጣም ረጋ ብላ መለሰችለት። ፈርሞ የቀረ ሰው ያስቀመጠው ባዶ ወንበር ብቻ አይደለም። ሁለተኛ የወጣው ሰው አልተመረጥክም ተብሎ ተሰናብቷል፤ ሲደወልለት ሌላ ቦታ ገብቷል ወይም ተስፋ ቆርጧል።

መልስ 27

ለሁለተኛው ጥያቄዬ፣ እምቢታውን እንዴት ልበለው ላልኩት፣ በቀጥታ የመለሰችው ይህች ብቻ ናት፤ ያውም ራሷ ቁጥር 12 ናት። በወሰንሽበት ቀን፣ ከተቻለ በስልክ፣ ከዚያ ባጭር ኢሜይል። ምስጋና፣ ውሳኔው፣ መልካም ምኞት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ምክንያት ካበዛሽ እያንዳንዱ ምክንያት መደራደሪያ ይሆናል። የውስጣቸውን ጉድለት መዘርዘርም የኔ ሥራ አይደለም። ዝም ብሎ መጥፋት ግን በፍጹም። መዝገባቸው ላይ ስምሽ አጠገብ የሚቀረው እሱ ነው።

መልስ 28

ይሄም የኔ ነው፤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ለትልቁ ጻፍኩ። የሥልጠናው ወጪ መጠን እንዲጻፍና እስከ ሰኞ ረፋድ እንዲጠብቁኝ ጠየቅኩ። ውሉ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ቀኑም እንደማይለወጥ መለሱልኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ለትንሹም በዚያው ቀን ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ደብዳቤው ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ። በዚህኛው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ደሞዙን ከፍ አድርጉልኝ አልኩ፤ አልቻሉም። ከስድስት ወር በኋላ ደሞዙ እንደገና እንዲታይ ግን ተስማሙ። የቁጥር 7ን ፕሪስትሊ አስታውሼ በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኩ። አንድ አረፍተ ነገር ጨምረው ላኩት። ከፈረምኩ በኋላ የማጣቀሻ ማጣራቱ ማለቁን በኢሜይል እስኪያረጋግጡልኝ ጠበቅኩ፤ መልቀቂያዬን ያስገባሁት ከዚያ ነው።

ዓርብ ጠዋት ለትልቁ ደወልኩ። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ሦስት መስመር ነው። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ዝም አለ፣ ከዚያ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። በሰዓቱ ስላሳወቅኩት አመሰገነኝና ለተጠባባቂው አሁኑኑ እንደሚደውል ነገረኝ። ስልኩን ስዘጋ ከአራት ደቂቃ በታች ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ይሄው ነበር።

መልስ 29

ቁጥር 2 እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ፣ አሁንም ገንዘቡን እሱ ቢሆን እንደሚወስደው ጻፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሼ ደሞዜን እንድነግረው ይፈልጋል። እመለሳለሁ።

መልስ 30

ይህን የጻፈው እስካሁን ያልተናገረ ሰው ነው። እሱ ራሱ አንድ ቦታ ሁለተኛ ወጥቶ እየጠበቀ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ስልኩን ገላውን ሲታጠብ እንኳ ይዞት ይገባል። ደውሎ ይጠይቅ ወይስ ዝም ብሎ ይጠብቅ፣ ቢደውልስ ይህን ያህል ቸኮለ ብለው ይንቁት ይሆን ብሎ ጠይቋል። ቁጥር 12 ገና አላየችውም። በሁለቱም ወገን የነበራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉለት።